እሰይ ሙቀጫዬ፣ እሰይ መፍጫዬ!

በልጅነቴ ጉለሌ ላይ ቅዳሜ የሚነጋው በሙቀጫ ድምፅ ነበር። ዱም! ዱም! ዱም! ብርድ ልብሱን ሳልገልጥ፣ ጆሮዬን ከትራሱ ሳላነሳ፣ ማን ምን እንደሚወቅጥ ለይቼ አውቅ ነበር። ረጋ ብሎ ከከበደ በርበሬ ነው። ፈጠን ቀለል ካለና መሃል መሃል ላይ ዘነዘናው የሙቀጫውን ከንፈር "ቃ!" ካደረገው ቡና ነው። ርጥብ ርጥብ ካለ፣ ጭቅ ጭቅ ካለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነው፤ ያን ጊዜ ከአልጋዬ ዘልዬ እወርዳለሁ። የዛሬው ወጥ የዋዛ ወጥ አይደለማ!

ዛሬ ያው ነጭ ሽንኩርት፣ ያው ዝንጅብል ማሽን ውስጥ ይገባል። ክዳኑን እገጥማለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ዥዥዥ! እስከ 30 ስቆጥር አለቀ! እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ይህን ባየች ቁጥር የልጅ ልጇ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደች ያህል ታጨበጭባለች።

"ጉድ እኮ ነው! በቃ? ይኸው ነው?" ትላለች።

"ይኸው ነው እማዬ፣ አለቀ!" እላታለሁ።

ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ማሽን፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ሳቅ። ደስታዬ አንድም ቀን አልደበዘዘም። እኔ የምቆጥራት 30 ድሮ የእሷ ክንድ ነበረች፤ ትከሻዋ ነበረች፣ ወገቧ ነበረች፣ ሙሉ ቅዳሜዋ ነበረች።

የእሷ እናት ደግሞ ከዚያም የከበደውን አይታለች። አያቴ መንዝ ነበር የምትኖረው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን እሷ ጋ እንከርም ነበር። ከጓዳው ጥግ፣ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ፣ ሰፊው የድንጋይ ወፍጮ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። አያቴ ከኋላው ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ትገፋለች፣ ትስባለች፤ ትገፋለች፣ ትስባለች። ገብሱ ከመጁ ሥር እየደቀቀ ከፊት ለፊት ይወርዳል። የምትነሳው ዶሮ ሳይጮኽ ነው። የአንድ ቀን ዱቄት ሰዓታት ይወስዳል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ዱቄት ይጠበቃል። ድንጋዩ ራሱ ከመፍጨት ብዛት ይለሰልስና እህል መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ በሹል ብረት ይወቀርና ጥርስ ያወጣል።

እየፈጨች ታንጎራጉር ነበር። ግጥሙን እዚያው ከድንጋዩ ጋር እየገጠመች፤ ስለ ሞተው ወንድሟ፣ ስለ ዘገየው ዝናብ፣ ስለ እኛ ከከተማ ስለመጣነው የልጅ ልጆቿ ሳይቀር። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ስሜን በዜማ ስሰማው፣ ወይ ደስታ! ዓለም ሁሉ ስለ እኔ የምታዜም ይመስለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት አካባቢዋ ተተከለ። ቱክ ቱክ ቱክ ይላል፤ ድምፁ ወንዝ ይሻገራል። አያቴ የመጀመሪያውን ስልቻ አስፈጭታ ስትመለስ ከበሩ ጀምራ እልል እያለች ነው የገባችው። አድጌ "እምዬ፣ ወፍጮው አይናፍቅሽም?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ድንጋይ ምኑ ይናፍቃል ልጄ! ማንጎራጎሩ ነው እንጂ" አለችኝ።

ይህችን ቃል እንደ ቅርስ ይዣታለሁ። የሚናፍቀውን ከማይናፍቀው በሰፌድ እንደሚያበጥር ሰው ለይታ የሰጠችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አዲስ ማሽን በገባ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ ሄደ፣ እሰይ፣ እንጉርጉሮውስ የት ገባ?

የበርበሬ ሰሞን ይምጣልኝ! ክረምቱ አልፎ ፀሐይዋ ስትጠና የማረቆ በርበሬ በጆንያ ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ አስራ ግቢያችንን ትሞላዋለች። በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ሰሌን ላይ ይሰጣል። እኛ ልጆች ከዶሮና ከዝናብ ጠባቂዎች ሆነን እንሾማለን፤ ሹመት ነበር፣ በኩራት ነው የምንጠብቀው! ከዚያ ትልቁ የእንጨት ሙቀጫ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርሰው፣ ከጓዳ ይወጣል። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዷ ስታነሳ አንዷ ትጥላለች፤ ዱም-ዱም፣ ዱም-ዱም! ዘነዘናዎቹ አንድም ቀን አይጋጩም! እኔ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ጭፈራ መድረክ ላይም አላየሁም።

ቀጥሎ ድለዛው ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ከበርበሬው ጋር እየተወቀጠ ርጥብ ድልዝ ይሆናል። ታፍኖ ይሰነብታል፤ እንደገና ፀሐይ ይመታዋል፤ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ይገባበታል፤ በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሲታመስማ ሰፈር ሙሉ ያነጥሳል! ከዚያ አጥር "እጥሽ!" ሲባል ከዚህ አጥር "ይማርሽ!" ይመለሳል። ማን ታጨች፣ ማን ወለደች፣ ዕቁቡ ለማን ወጣ፣ ሁሉንም የሰማሁት እዚያ ሙቀጫ ዙሪያ ነው። አገር የማውቀው በበርበሬ ሽታ ታጅቤ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። እማዬ በርበሬዋን የምታሰናዳው ግቢው ውስጥ ባለው የጋራ ማብሰያ ቤት ነው። ስንት ክንድ ቀኑን ሙሉ ይወቅጠው የነበረውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ማሽኑ እፍኝ እፍኙን እየተቀበለ ሳይረፍድ ይጨርሰዋል። ትከሻዋን የሚያማት የለም፣ መዳፏ የሚቆስልባት የለም። ደግሞ ስሙልኝ፤ ሴቶቹ ዛሬም ይመጣሉ! በርበሬ የሚቀነጥስ ማሽን እኛ ቤት የለማ! ስለዚህ አሥር እናቶች አንድ ሰሌን ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ እጃቸው ይቀነጥሳል፣ አፋቸው ያወጋል። ማሽኑ ድካሙን ወሰደ፣ ወጉን ተወልን። እንዲህ ያለ ደግ ማሽን አለ?

ወደ ምጣዱ ልምጣ። ከእንጦጦ ባህር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በደጃችን ያልፉ ነበር፤ እማዬ ከእነሱ ነበር የምትገዛው። በምኒልክ ዘመን መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለው ያ ዛፍ የስንት ቤት ምጣድ አግሏል! እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ጭሱ በበሩም በጣሪያውም ይወጣል። እማዬ ዓይኗ ቀልቶ፣ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ ታደርጋለች፤ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ታፈሳለች፤ አክንባሎውን ትደፋለች። እያለቀሰች የምትጋግር ይመስለኝ ነበርና ልጅ ሆኜ ቀሚሷን ይዤ አብሬያት ያለቀስኩበት ጊዜ አለ።

አባቴ ከመርካቶ የኤሌክትሪክ ምጣድ ታክሲ ላይ ጭኖ የመጣ ዕለትማ! ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ገባ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ዓይን ያወጣል? ሸክላው ያው ሸክላ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ ነው የሚያግለው። እርሾው ያው፣ አብሲቱ ያው፣ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን መቡካቱም ያው። እማዬ የመጀመሪያዋን አፈሰሰች። ክዳኑን ገጠመች። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ክዳኑ ሲነሳ፣ ዓይን! ዓይን በዓይን! እልልታው ከጎረቤት አጥር አልፎ ሄደ። እማዬ እንጀራዋን በሰፌድ ስባ አወጣችና ለአፍታ ቆማ አየቻት። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ የእናቴ ዓይን ነጭ ነበር። እንጀራ እየጋገረች ዓይኗ ነጭ! ያን ቀን እንደ በዓል ነው የማስታውሰው።

ይህ ምጣድ ታዲያ ኃይል ይወዳል። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ የ10 ዋት አምፖል 350 በአንድ ጊዜ እንደማብራት ማለት ነው! ጋገራው መሃል መብራት ሲጠፋ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ቀርቶ እንጠብቃለን፤ "መጣ!" የሚለው የልጆች ጩኸት ከየቤቱ ሲነሳ ሰፈሩ ስታዲየም ይሆናል። እማዬ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ስትገዛ "ለምጣዴ ነው" ነበር ያለችው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ሆኜ ወረቀትና እርሳስ አነሳሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ለ3.5 ኪሎ ዋት ሲካፈል፣ በመንገድ የሚባክነውን ትተን፣ ከ1,400,000 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግላል! ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳነብላት እማዬ ከመቀመጫዋ ተነስታ "ይኸን ሁሉ እንጀራ ማን ሊበላው ነው!" አለችና እቅፍ አደረገችኝ።

ጁስ መፍጫውስ! አቮካዶ እኛ ቤት ዳቦ ላይ ተቀብቶ፣ ስኳር ተነስንሶበት የሚበላ ነገር ነበር። ታላቅ እህቴ በመጀመሪያ ደመወዟ ጁስ መፍጫ ገዝታ የመጣች ቀን ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። አቮካዶው ለብቻ፣ ማንጎው ለብቻ፣ ፓፓያው ለብቻ ተፈጨ። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ወፍራሙ አቮካዶ ከታች ሆኖ ሌሎቹን ተሸከማቸው፤ ከታች አረንጓዴ፣ መሃል ቢጫ፣ ከላይ ቀይ። ሎሚ ተጨመቀበት፣ ቪምቶ ጠብ ጠብ ተደረገበት። ስፕሪስ! ጁስ ቤት ሄደን፣ ያውም በበዓል፣ እንጠጣው የነበረው ስፕሪስ ሳሎናችን ውስጥ! አባቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አየው፣ ከዚያ በማንኪያ ቀመሰ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ብርጭቆውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋ።

የዶሮ ወጥ ሽንኩርትንም ያየ ያውቀዋል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ የሚያስከትፉ እናቶች አሉ። ቢላው ሽንኩርቱን በቆረጠው ቁጥር የሚተንነው ሽታ ዓይን ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል፤ የበዓል ዋዜማ እኛ ቤት ዕንባ በዕንባ ነበር። መክተፊያ ማሽን ሲመጣ እማዬ መጀመሪያ አልወደደችውም። "ሽንኩርቱ ውሃ አወጣ፣ ይህማ ቁሌት አይሆንም" አለች፤ ልክ ነበረች። ቁልፉን ይዘን ስንቆይ ስለቱ ሽንኩርቱን ያላሽቀዋል። ብልሃቱን ያገኘችውም ራሷ ናት፤ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ! አራት አምስት ጊዜ ብቻ። ሽንኩርቱ በእጅ እንደተከተፈ ደቀቅ ብሎ፣ ደረቅ ብሎ ወጣ። ስልሳ ዓመት ያለፋት እናቴ ማሽኑን አስተማረችው እላለሁ እኔ። አሁን ደግሞ በገመድ የሚጎተተው ትንሹ መክተፊያ አለ፤ መብራት አይፈልግ፣ ዕንባ አይፈልግ፤ ጎተት ጎተት ነው። ልጄ ከእጄ ነጥቃ እየሳቀች የምትጎትተው እሱን ነው።

ከእጅ ወደ ማሽን መሻገር የዓለም ሁሉ ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዣን ማንትሌ የሚባል ፈረንሳዊ በእጅ የሚዞር የአትክልት መፍጫ ሠራ። በ1956 ያው ሰው በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ትንሽ የቡና መፍጫ አወጣ፤ በዓመቱም ድርጅቱ ሙሊኔክስ ተባለ። በፈረንሳይኛ "ሙለን" ማለት ወፍጮ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አጎቴ ከውጭ ያመጣልን ያቺ ነጭ ሙሊኔክስ፣ እንደ ድመት የምታንኮራፋው፣ የአያቴ ወፍጮ የሩቅ ዘመድ ኖራለች።

ዘመድ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ታላቅ እህቴ አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እንጀራዋን የምትጋግረው 16 ኢንች፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው። ያ ምጣድ የተሠራው ከኖርዌይ ለሄዱ አሜሪካውያን ነው፤ "ለፍሰ" የሚባለውን ስስ የድንች ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት። የእኛ ሰዎች አዩት፣ ሊጥ አፈሰሱበት፣ ዓይን አወጣ! የኖርዌይ አያቶች ምጣድ በጤፍ ሊጥ ሲያጌጥ! እህቴ በስልክ ቪዲዮ ስታሳየን እማዬ ለማታውቃቸው የኖርዌይ እናቶች "እግዜር ይስጥልን" ብላ መረቀች።

እንዲህም ሆኖ ለእጅ የተውነው ነገር አለ፤ የተውነውም እጅ ስለሚያምርበት ነው። ክትፎ ከወደዳችሁ ጉራጌ እናት ዘንድ ሂዱ። በስል ቢላ የተከተፈው ሥጋ ለምላስ ልዩ ነው፤ መፍጫው ደፍጥጦ የሚያወጣው እንደዚያ አይሆንም። ዳጣም እንደዚያው ነው፤ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ድንጋይ ላይ ሲደቁ ጭማቂያቸው እርስ በርስ ይዋሐዳል። ቡናማ የሁሉ አለቃ ነው። በማሽን በጣም ከላመ ጀበናው ውስጥ ለመዝቀጥ ይዘገይና ሲኒው ውስጥ ይገባል። በሙቀጫ ሲሆን ግን እጅ ያውቃል። ከመቁያው የወረደው ቡና ገና ትኩስ ሆኖ ሲወቀጥ ሽታው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ቅባት፣ በመጨረሻ ያ ስም የሌለው ጣፋጭ ነገር።

ባለፈው እሑድ ወጡን በጠዋት ጨረስነው። ሽንኩርቱ በጫን ለቀቅ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በ30 ቁጥር፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ እማዬ ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። በልጅነቴ እሑድ በዚያ ሰዓት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም! የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ለታች ቤት ሰዎች ብዬ ወፍራም ጨርቅ አጥፌ ከሙቀጫው ሥር አነጠፍኩ። ዘነዘናውን ላነሳ ስል "ወዲህ በይው" አለችኝ።

"እረፊ እንጂ እማዬ።"

"አርፌያለሁ እኮ፤ ጠዋት ሙሉ ማሽኑ አይደል የሠራው?"

መውቀጥ ጀመረች። ዱም፣ ዱም፣ ቃ! ዱም፣ ዱም፣ ቃ! ክንዷ ላይ ጉልበት ተርፏል፣ ደረቷ ውስጥ ትንፋሽ ተርፏል። ሦስተኛው "ቃ!" ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። እናቴ ታንጎራጉራለች። ዜማው የመንዙ ጓዳ ዜማ ነው፤ ግጥሙ ግን ዛሬ የተገጠመ ነው፤ ስለ ሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ ስለ ግድቡ፣ አጠገቧ ቄጤማ ስለምትበጥሰው ልጄ። ልጄ ስሟን በዜማ ስትሰማ ቀና አለች። ፊቷን አየሁት። ያ ፊት የእኔ ነበር፣ መንዝ፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ። አያቴ የናፈቃት ነገር አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ወጥቶ መጥቷል!

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ከጎናችን ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ከኋላዋ የታች ቤቷም አለች።

"ሙቀጫ ሰምተን ነው" አሉ እየሳቁ።

እማዬ ዘነዘናውን ሳታስቀምጥ በሌላው እጇ ቄጤማውን አስተካከለችላቸው።

"ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ! አቦሉ ገና ነው!"